ግጥም የሚቆጠረው በጆሮ ነው፦ ምጣኔና ምት ደረጃ በደረጃ

ግጥም ሲነበብ እየሰማችሁ ድንገት ጆሯችሁን ቆርቆር ያደረገበት ጊዜ አለ? ቃላቱ ያምራሉ። ሐሳቡም አይከፋም። ቤቱም ይመታል። መሐል ላይ ግን አንድ ነገር ይንገዳገዳል። ደረጃ ስትወርዱ አንዱ እርከን ከሌሎቹ ከፍ ብሎ እግር እንደሚያደናቅፈው ማለት ነው። ጆሮ ስህተቱን አውቆታል፤ ስሙን ግን አያውቀውም። ስሙ የምጣኔ ጉድለት ነው።

እኔ ምጣኔን መጀመሪያ የተማርኩት በተሳሳተ መንገድ ነበር። ልጅ ሆነን አንድ መምህር ሰሌዳ ላይ ስንኝ ጽፈው ፊደሉን አንድ በአንድ አስቆጠሩን። ቁጥሩ እንቢ አለ። አንዱ ሐረግ 9 ይሆናል፣ አጠገቡ ያለው 7። “ገጣሚው ተሳስቷል” ተባለና ታለፈ። ገጣሚው ግን አልተሳሳተም ነበር። የተሳሳትነው እኛ ነን፤ ጆሮ የሚቆጥረውን ነገር በዓይን ስንቆጥር።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከዚያው ከቆጠራው ይጀምራል። የማወራው በዋናነት ስለ አማርኛ ግጥም ነው። የሌላው ቋንቋ ለማነጻጸር ያህል ጣል ጣል ይደረጋል።

መጀመሪያ ቃላቱን እናስማማ

ቀለም ማለት አንዴ አፍ ተከፍቶ የሚወጣ የድምፅ ቁራጭ ነው። “ቤት” ሁለት ፊደል ነው፣ ቀለሙ ግን አንድ። “መንገድ” አራት ፊደል ነው፣ ቀለሙ ሁለት፦ መን-ገድ።

ጥቂት ቀለሞች ተሰብስበው በአንድ ትንፋሽ ሲባሉ ሐረግ ይሆናሉ። ሐረጎች ተያይዘው ቤት ሲመቱ ስንኝ ይባላሉ። ስንኞች ሲሰባሰቡ አንጓ፤ አርኬ የሚለውም አለ። “ቤት” የሚለው ቃል ግን ትንሽ ያደናግራል። አንዳንዴ የስንኙን መጨረሻ ተመሳሳይ ድምፅ ይጠራበታል፣ “ቤት ይመታል” እንደምንለው። አንዳንዴ ደግሞ የልኩ ስም ይሆናል፣ “የወል ቤት” ሲባል። ከዓረፍተ ነገሩ ይለያል፣ አትጨነቁበት።

ምጣኔና ምትም አንድ አይደሉም። ምጣኔ ልኩ ነው፤ ስንት ቀለም፣ የት ላይ ተከፍሎ። ምት ደግሞ በዚያ ልክ ውስጥ ድምፁ የሚራመድበት አካሄድ ነው። ሁለት ሐረጎች ልካቸው እኩል ሆኖ አካሄዳቸው ፈጽሞ ሊለያይ ይችላል። ወደዚያ እንመጣለን።

አንድ፦ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ

በዓይን ብቻ አትንኩት። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የመጀመሪያው ለሐሳቡ ነው። ሁለተኛው ትንፋሻችሁ የት የት እንደሚቆም ለማየት። ሦስተኛው ላይ ጠረጴዛ እየመታችሁ። የሚያፍር ሰው በሩን ዘግቶ ስልኩ ላይ ይቅዳና መልሶ ይስማ። ሲያነቡ ያልተሰማ እንከን ሲያዳምጡ ይሰማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ግጥሙ የዘፈን ከሆነ እየዘፈናችሁ አትቁጠሩ። ዜማ ጎዶሎውን ስቦ ይሞላዋል፣ ትርፉን ጨፍልቆ ያሳልፈዋል። ሲዘፈን ቀጥ ብሎ የሄደ ስንኝ ሲነበብ ሊያነክስ ይችላል።

ሁለት፦ ቀለሙን ቁጠሩ፣ ሳድስን ተጠንቀቁ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚሁ። ከሳድስ በስተቀር ያሉት ፊደሎች ችግር የለባቸውም። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኀምስና ሳብዕ አናባቢያቸውን ይዘው ስለሚመጡ እያንዳንዳቸው አንድ ቀለም ናቸው። ሳድስ ግን ሁለት ፊት አለው። አንዳንዴ ትንሽ የ“እ” ድምፅ ይዞ ይነበባል፤ ያኔ ይቆጠራል። አንዳንዴ ዝም ብሎ ከፊቱ ያለው ቀለም ላይ ይለጠፋል፤ ያኔ አይቆጠርም።

“ሳድስን አትቁጠሩ” የሚል አቋራጭ ሕግ ትሰሙ ይሆናል። አይሠራም። “ምድር” ሦስቱም ፊደሉ ሳድስ ነው። በዚያ ሕግ ከሄድን ቀለሙ ዜሮ ሊሆን ነው! አፋችሁ ግን ሁለት ይላል፦ ም-ድር። “ምድሩ” ሲሆንም ሁለት ነው፣ አከፋፈሉ ግን ይዞራል፦ ምድ-ሩ። ያው “ድ” አንድ ጊዜ ይነበባል፣ አንድ ጊዜ ይዋጣል።

እኔ የምጠቀምባቸው መንገድ ጠቋሚዎች እነዚህ ናቸው።

ቃል መነሻ ላይ ያለ ሳድስ ብዙውን ጊዜ ይነበባል፦ ዝ-ናብ፣ ል-ጆች።

ቃል መጨረሻ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ አይነበብም፦ ቤት፣ ሰው፣ ሀብት።

መሐል ላይ ሳድሶች ከተደረደሩ አንዱ ተውጦ ቀጣዩ ይነበባል። “መንግሥት” ላይ “ን” ይዋጣል፣ “ግ” ይነበባል፣ የቀሩት ሁለቱ ተከትለው ይዘጋሉ። መን-ግሥት። አምስት ፊደል፣ ሁለት ቀለም።

መሐል ላይ ያለ ሳድስ ጠብቆ ከተነበበ ደግሞ ራሱን የቻለ ቀለም ይሆናል። ይህቺ ብዙ ሰው የማያያት ናት። “ሰብሮ” እና “ፈልጎ” ሲጻፉ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ግዕዝ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። በሉ እስቲ ጮክ ብላችሁ በሏቸው። “ሰብ-ሮ” ሁለት ነው። “ፈል-ል-ጎ” ግን ሦስት፤ “ል” ስለጠበቀች ግማሿ ወደ ኋላ፣ ግማሿ ወደ ፊት ትሄዳለች። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ዓይን ይህን መቼም አያገኘውም።

አሁን በቅርብ እንየው። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ የቋጠርኳት አንዲት መንቶ፣ ማለትም ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም አለች፦

መንገዱ ረዝሞብኝ ቀኑ መሽቶ ሳለ፣
ከሩቅ የሚታየኝ መብራትሽ የታለ?

በፊደል ብንቆጥር ሐረጎቹ 9፣ 7፣ 8 እና 8 ይወጣሉ። መምህራችን ቢያዩዋት “ተሳስተሃል” ይሉኝ ነበር። በጆሮ ግን፦

መን-ገ-ዱ-ረዝ-ሞ-ብኝ፣ 6
ቀ-ኑ-መሽ-ቶ-ሳ-ለ፣ 6
ከ-ሩቅ-የ-ሚ-ታ-የኝ፣ 6
መብ-ራ-ትሽ-የ-ታ-ለ፣ 6

“ረዝሞብኝ” ውስጥ ሦስት ሳድሶች አሉ። “ዝ” ተዋጠች፣ “ብ” ተነበበች፣ “ኝ” ተዋጠች። “መብራትሽ” ውስጥም ሦስት አሉ፣ የተነበበችው “ት” ብቻ ናት። አንድ ጊዜ ይህን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ሳያየው አያድርም።

መቁጠሪያው ምን ይሁን? አገጭ ሥር እጅ አድርጎ ስንት ጊዜ እንደወረደ መቁጠር የሚመክሩ አሉ። ለሌሎቹ ቀለሞች ጥሩ ነው፤ ለሚነበብ ሳድስ ግን አገጭ እምብዛም ስለማይወርድ ይሸውዳል። ማጨብጨብ ይሻላል። ጣት እየቆለፉ መቁጠርም ያው ነው።

ሦስት፦ አናባቢ ከአናባቢ ሲጋጭ

አጭር ነገር ነው፤ ከተዘነጋ ግን ቆጠራ ያበላሻል። “ከእናቴ” ቀስ ተብሎ ሲባል 4 ነው፦ ከ-እ-ና-ቴ። በአፍ ሲሮጥ “ከናቴ” ይሆንና 3። “ስለ አንተ” 4፣ “ስላንተ” 3። ገጣሚው አጥሮ እንዲነበብ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ አሳጥሮ ይጽፈዋል። ያልጻፈው እንደሆነ ከዙሪያው ያሉት ሐረጎች ይፈርዳሉ። ሌሎቹ ሁሉ 6 ሆነው አንዱ 7 ከመጣ፣ ስህተት ከማለታችሁ በፊት የሚጨፈለቅ አናባቢ ካለ ፈልጉ።

አራት፦ ትንፋሹ የሚቆምበትን ቁረጡ

12 ቀለም ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ጥያቄው 12ቱ የት ላይ ይከፈላሉ ነው። ይህን ስንኝ ተመልከቱ፦

ከዛ ሁሉ ጨዋታ ቀረ ዝምታ

ቁጠሩት፣ 12 ነው። ልክ ነው ብላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ። ግን በ6/6፣ ማለትም እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች በተከፈለ ግጥም መሐል ካስገባችሁት ጆሮ ስድስተኛው ላይ ማረፍ ይፈልጋል። ስድስተኛው የት ወደቀ? “ከዛ ሁሉ ጨዋ” ላይ! “ታ” ብቻዋን ማዶ ቀረች። ጨዋታው ጨዋ ሆኖ አረፈው። ስንኙ በእውነቱ 7/5 ነው። አጠገቡ ያሉት ሁሉ 7/5 ቢሆኑ ምንም አይደለም፣ ያምራል እንጂ። ብቻውን ሲሆን ግን ያነክሳል።

ቢስተካከልስ?

ያን ሁሉ ጨዋታ ዋጠው ያ ዝምታ

ያን-ሁ-ሉ-ጨ-ዋ-ታ፣ 6። ዋ-ጠው-ያ-ዝም-ም-ታ፣ 6። “ዝምታ” ላይ “ም” እንደጠበቀች ልብ በሉ፣ እንደ “ፈልጎ”። እውነቱን ለመናገር “ያ” የምትለዋ ቃል ቁጥር ለመሙላት የገባች ትመስላለች። ኋላ እመለስባታለሁ።

ሌላው ማምታቻ የወረቀት አቀማመጥ ነው። አንዳንድ ገጣሚ አንዱን ስንኝ ለሁለት ቆርጦ በሁለት መስመር ያስቀምጠዋል። ዓይን እያንዳንዱን መስመር ስንኝ ያስመስለዋል። መለያው ቤቱ ነው። ቤት የሚመታው በየመስመሩ ሳይሆን በየሁለት መስመሩ ከሆነ፣ ያነበባችሁት ስንኝ ሳይሆን ሐረግ ነው።

አምስት፦ ልኩን በስሙ ጥሩት

ሁለትና ሦስት ስንኝ ቆጥራችሁ አትፍረዱ። አራትና ከዚያ በላይ ቁጠሩ፤ አብዛኛው የተስማማበት የግጥሙ ልክ ነው። ከዚያ ስም መስጠት ይቀላል።

የወል ቤት የሚባለው 6/6 ነው። ወል ማለት የጋራ ነው፤ እውነትም የሁሉም ነው። መንገዱ የረዘመባት መንቶዬ በዚህ ልክ የተቋጠረች ናት። ግጥም ጻፉ ሲባል ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ሳያውቀው የሚገባበት ልክ ይኸው ነው።

ሰንጎ መገን 5/5 ነው። ከወል ቤት አንድ አንድ ቀለም ብቻ ነው የቀነሰው፣ ግን ስሜቱ ሌላ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይላል፦

ሳቅሽ ነው እንጂ ያነጋው ሌቱን፣
ፀሐይማ ገና መች ሳመች ቤቱን?

ሳ-ቅሽ-ነው-እን-ጂ። ያ-ነ-ጋው-ሌ-ቱን። ፀ-ሐይ-ማ-ገ-ና። መች-ሳ-መች-ቤ-ቱን። ከወል ቤቷ ጋር አፈራርቃችሁ አንብቧት፤ ልዩነቱን እግራችሁ ያውቀዋል።

ቡሄ በሉ 4/4 ነው፤ ስሙን ያገኘው ልጆች ከሚሉት ነገር ነው። “ቡሄ በሉ፣ ልጆች ሁሉ።” ቡ-ሄ-በ-ሉ አራት። ል-ጆች-ሁ-ሉም አራት፣ ምንም እንኳ ፊደሉ አምስት ቢሆን። ይህን የሚጮኽ ሕፃን ፊደል ሳይቆጥር ልኩን አይስትም። የጆሮ ነገር ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

8/8 ደግሞ የፀጋዬ ቤት ይባላል፣ በባለቅኔው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም። ረጅም ትንፋሽ ይፈልጋል። ምስል ለመዘርጋት ቦታ ይሰጣል፦

ተራራው ጫፍ ላይ ደመና እንደ ፀጉር ተዘርግቶ፣
ነፋስ ሲያበጥረው ዋለ ጣቱን በመሀል አስገብቶ።

ሦስተኛው ሐረግ ላይ “ሲያ” ሁለት ፊደል ነው፤ አፍ ግን “ስያ” ብሎ ባንዴ ይጨርሰዋል። ነ-ፋስ-ሲያ-በጥ-ጥ-ረው-ዋ-ለ፣ 8። ለብቻው ቢሆን ያከራክር ነበር። አጠገቡ ያሉት ሦስቱ 8 ስለሆኑ ክርክሩ አለቀ።

ከእነዚህ ውጭ የሆነ ልክ ብታገኙ አትደንግጡ። 7/5 ሆነ 4/4/6፣ ግጥሙ ራሱ የጀመረውን ልክ ከጠበቀ ልክ ነው። ምጣኔ በገጣሚውና በሰሚው መሐል ያለ ስምምነት ነው፤ በመጀመሪያው ስንኝ ይፈራረሙታል።

የሌሎቹን ልክ እዚህ አታምጡት

እንግሊዝኛ ግጥም ያነበበ ሰው “አያምብ” የሚለውን፣ ማለትም ቀላል ቀለም ጫን ያለ ቀለም የሚከተልበትን እርምጃ፣ ይዞ ወደ አማርኛ ይመጣል። እንግሊዝኛ የሚመጥነው ጫን ተብሎ የሚነገረውን ቀለም ነው። በጣም የታወቀው ልኩ ባለ 10 ቀለም ነው፤ አንድ ቀላል፣ አንድ ጫን ያለ እያለ አምስት ጊዜ ይመታል። አማርኛ ቃሉን እንዲህ አጉልቶ ስለማይጫን ያ ሚዛን እኛ ጋ የሚይዘው ነገር የለም። የጥንት ግሪክና ላቲን ደግሞ ረጅምና አጭር ቀለም ይለያሉ። ዐረብኛም በዚያው መንገድ ነው፤ በ8ኛው ክፍለ ዘመን አል ኸሊል ኢብን አሕመድ ልኮቹን ለይቶ ሥርዓት አበጀላቸው። ጃፓኖች ሃይኩን 5፣ 7፣ 5 አድርገው ይቆጥራሉ።

ለእኛ ቅርብ ሆኖ የማገኘው ፈረንሳይኛ ነው። አሌክሳንድሪን የሚሉት ዝነኛ ልካቸው 12 ቀለም ሆኖ መሐል ላይ ይቆረጣል፤ 6/6። ወል ቤት ማለት ነው! ይባስ ብሎ እነሱም አንዳንዴ የምትነበብ፣ አንዳንዴ የምትዋጥ ፊደል አለቻቸው፤ የቃል መጨረሻዋ “ኧ”። የእኛን ሳድስ የሚያስታውስ ራስ ምታት አላቸው።

ስድስት፦ ከቁጥሩ አልፋችሁ ምቱን ስሙ

እዚህ ድረስ ያለው ሒሳብ ነው። ሒሳቡ የተስተካከለ ግጥም ደግሞ ሊያስተኛ ይችላል። እነዚህን ሁለት ሐረጎች አንብቡ፦

ሄደ መጣ ቆመ
ሲንከራተት ኖሮ

ሁለቱም 6 ናቸው። የመጀመሪያው ሦስት አጫጭር እርምጃ ነው፤ ሰውየው ሲንጎራደድ ይታያል። ሁለተኛው አንድ ረጅም ቃል ይጎትትና “ኖሮ” ላይ አረፍ ይላል። መንከራተቱ በድምፁ ውስጥ አለ። ምት ማለት ይህ ነው፤ ቁጥሩ ሳይለወጥ አካሄዱ ሲለወጥ።

የሚያካሂዱት ነገሮች ብዙ ናቸው። የቃሉ ርዝመት አንዱ ነው። የጠበቀ ድምፅ ሌላው ነው፤ “መጣ” ላይ “ጣ” ስለጠበቀች እግር ጠንከር ብሎ ያርፋል፣ “ሄደ” ላይ ግን ይንሸራተታል። እንደ ቀ፣ ጠ፣ ጨ ያሉ ፈንጂ ድምፆች ሲበዙ ሐረጉ ይሻክራል፤ ለ፣ መ፣ ነ ሲበዙ ይለሰልሳል። ሐሳቡ ስንኙ መጨረሻ ላይ ማለቁ ወይም ወደሚቀጥለው መፍሰሱም ለውጥ ያመጣል። ሁሉም ስንኝ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ካለው ግጥሙ እንደ ሰዓት ይቆጥራል። አንዳንዱ ሳያቆም ወደ ታች ሲወርድ ትንፋሽ ይገኛል።

ልኩን ሆን ብሎ መስበርም አለ። ሃያ ስንኝ በ6/6 ሄዶ ድንገት 4 ቀለም ላይ ቆሞ ዝም የሚል ገጣሚ አለ። ያ ጉድለት ነው ወይስ ጥበብ? መለያው ቀላል ነው። የተሰበረበት ቦታ ላይ ሐሳቡም የሚሰበር ከሆነ ሆን ተብሎ ነው። እንዲሁ ተራ ቦታ ላይ ከሆነ ቃል ጠፍቶት ነው።

ሰባት፦ የራሳችሁን ስንኝ ማቃናት

የምትጽፉ ከሆነ፣ መንቶዬን ሆን ብዬ ላጉድፋትና አብረን እናቃናት፦

መንገዱ ረዝሞብኝ ቀኑም ጨልሞብኝ ሳለ

ሁለተኛውን ሐረግ ቁጠሩ። ቀ-ኑም-ጨል-ል-ሞ-ብኝ-ሳ-ለ፣ 8። 6/8 ሆኗል። በዓይን “ጨልሞብኝ” ከ“ረዝሞብኝ” ጋር እኩል ነው፤ ለዚያም ነው የሚያሳስተው። “ል” ጠብቃለች።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው። ተመሳሳይ ትርጉም ያለው አጭር ቃል መፈለግ፤ “ጨልሞብኝ” በ“መሽቶ” ሲተካ ሁለት ቀለም ይወርዳል፣ “ቀኑም” “ቀኑ” ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ ባይለወጥም ይለዝባል። ወይም ግሱን ሌላ ቅርጽ ማስያዝ። ወይም የቃላቱን ቅደም ተከተል ማዟዟር፤ አማርኛ ግጥም ላይ ይህን በደንብ ይፈቅዳል። “ሌቱን ያነጋው” ብዬ ጀምሬ “ያነጋው ሌቱን” ያልኩት ለቤቱ ስል ነው። ወይም አናባቢ መጨፍለቅ፣ “ከእናቴ”ን “ከናቴ” ማድረግ።

አምስተኛ መንገድ አለ፣ እሱን አልመክርም። ማሟያ መሰግሰግ። “እኮ”፣ “ደግሞ”፣ “እንዲያው”፣ “ያ”። የጎደለች ቀለም ባለች ቁጥር እነዚህን እንደ ሽብልቅ የሚያስገባ ሰው ግጥሙ ልኩን ይይዛል፣ ሐሳቡ ግን ይላላል። “ዋጠው ያ ዝምታ” ላይ “ያ”ን ያስገባሁት እኔው ነኝ። ለራሴ ስከራከር “አንድ የሚታወቅ ዝምታ ነው” እላለሁ። ሲያዩት ግን ሽብልቅ ነው። “ዋጠው አንድ ዝምታ” ብልስ? ዋ-ጠው-አንድ-ዝም-ም-ታ፣ እሱም 6 ነው። ትርጉሙ ግን ተቀየረ፤ አሁን ዝምታው ማንም የማያውቀው እንግዳ ሆኖ ገባ። የቱ እንደሚሻል እስካሁን አልወሰንኩም፤ ጮክ ብዬ ሳነበው ግን ሁለተኛው ላይ ድምፄ ዝቅ ይላል።